«ምንም የለብሽም» ለተባለችው እኅታችን

ጥያቄ፦

«ዕድሜዬ 26 ነው፤ ቡሬ ከተማ ውስጥ አስተምራለሁ። ካገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ከባለቤቴ ጋር ስንገናኝ መግቢያው ላይ እሳት የነካኝ ያህል ይለበልበኛል፤ ከዚያም በኋላ ሽንት ስሸና ለሰዓታት ያቃጥለኛል። ጤና ጣቢያም የግል ክሊኒክም ሄጄ ‹ኢንፌክሽን ነው› እየተባልሁ ኪኒን ስውጥ ኖሬያለሁ። ባለቤቴም አብሮ እንዲውጥ ስለታዘዘ ‹ከየት የመጣ ነው?› እስከ መባባል ደርሰናል። በመጨረሻ ያየኝ ሐኪም ‹ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው፤ ውለጂ፣ ይተውሻል› ብሎ አሰናበተኝ። በሁዳዴ ስንታቀብ ደህና ሆኜ እከርማለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ግን ያው ነው። አማቴ ጠበል ግቢ ትለኛለች። እናቴ በሕፃንነቴ እንደተገረዝሁ ነግራኛለች። ሕመሙ በእርግጥ አለ ወይስ እኔው ነኝ የምፈጥረው? ሕክምናስ አለው? ልጅስ ልወልድ እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ውድ እኅቴ፣

ከጠየቅሽኝ ሁሉ አንዱ ሌሎቹን ስለሚቀድም በእርሱ እጀምራለሁ። ሕመሙ አለ፤ አንቺም አልፈጠርሽውም። በመጨረሻ ያየሽ ሐኪም «ምንም የለብሽም» ሲል ቁስል፣ እብጠት ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ አላየሁም ማለቱ ከነበረ፣ እስከዚያ ድረስ ያለው ነገር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱ የሚጀምረው በዐይን ያልታየውን ሁሉ የለም ብሎ በሽተኛዋን ከነሕመሟ ወደ ቤቷ ሲመልሳት ነው። በሴት ብልት ውጫዊ ክፍል ላይ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ግልጽ ምክንያት ያልተገኘለት ሕመም በሕክምናው ዓለም ቩልቮዲኒያ የሚባል ራሱን የቻለ የሕመም ዓይነት ነው። በደብዳቤ ምርመራ ማድረግ ስለማይቻል ያለብሽ ይኸው ነው ብዬ አልደመድምም፤ የጻፍሽልኝ ታሪክ ግን ከዚህ ሕመም ዓይነቶች አንዱን፣ ማለትም የብልት መግቢያ አፋፍ ሲነካ የሚቀሰቀሰውን፣ በእጅጉ ይመስላል።

ይህ ሕመም አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ምንም ቁስል ሳይታይበት ሲነካ ከመጠን በላይ የሚያም የብልት ክፍል እንዳለ በመማሪያ መጽሐፉ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለረጅም ዘመን ተዘነጋና፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ፍሬድሪክ የተባለ ሌላ ሐኪም ሕመሙ የሚለይባቸውን ምልክቶች ዘርዝሮ ሲያስቀምጥ እንደገና ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሦስት ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት ተስማምተው የአከፋፈል ሥርዓት አወጡለት። የዚህ ሥርዓት ቁም ነገር ሕመሙን በሁለት መደብ መለየቱ ነው። በአንደኛው መደብ ምክንያታቸው የሚታወቅ ሕመሞች ይገባሉ፤ ኢንፌክሽን፣ የቆዳ በሽታ፣ ዕጢ፣ የነርቭ ጉዳት፣ ጠባሳ፣ የሆርሞን ማነስ የመሳሰሉት ማለት ነው። በሁለተኛው መደብ የሚቀረው እነዚህ ሁሉ ተፈልገው ሲታጡ ያለው ቩልቮዲኒያ ነው። ስለዚህ ከሐኪም የሚጠበቀው የመጀመሪያውን መደብ አንድ በአንድ መፈተሽ ሲሆን፣ ሳይፈትሹ «ጭንቀት ነው» ማለትም ሆነ ሳይፈትሹ «ኢንፌክሽን ነው» ማለት ሁለቱም ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው። በአንቺ ላይ የደረሰው ደግሞ ሁለቱም ነው።

ሃርሎውና ስቱዋርት የተባሉ ተመራማሪዎች በቦስተን አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 64 ዓመት የሆነ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሴቶችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከመቶ 16 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ ለሦስት ወር የቆየ የማቃጠል፣ የመውጋት ወይም ሲነካ የማመም ችግር ገጥሟቸዋል። ከእነዚህ መካከል ከመቶ 40 የሚጠጉት ጭራሹን ሐኪም አላማከሩም፤ ካማከሩትም ከመቶ 60ዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሐኪሞች ዘንድ ተመላልሰዋል። ይህ የሆነው ስፔሻሊስት ሐኪም በሞላበት በሀብታም አገር ከተማ ነው። እንግዲህ አንቺ ከቡሬ ተነሥተሽ ያን ያህል ደጅ መጥናትሽ የአንቺ ጥፋት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ ነገሩን ሰዎች ሲያድበሰብሱት የኖሩት ባሕር ማዶም ጭምር ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ስለ ሁዳዴ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው። በጾሙ 55 ቀን ስትታቀቡ ደህና ሆነሽ ከርመሽ፣ ከፋሲካ በኋላ ሕመሙ ካቆመበት መቀጠሉ ለመርማሪ ሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው። የፈንገስ ወይም የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ቢሆን ኖሮ ማሳከኩ፣ ፈሳሹ ወይም ሽታው ጾምና ፍስክ ባልለየ ነበር። የአንቺው ሕመም ንክኪ ሲኖር የሚመጣ፣ ንክኪው ሲቀር የሚተኛ ነው። ነገሩ በመጠኑ የሚያሳፍር ቢመስልሽም ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ይህን ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ሌላ ጊዜ ሱሪ ሲጠብቅሽ፣ የወር አበባ መቀበያ ሲነካሽ ወይም ባጃጅ ላይ ተቀምጠሽ ኮረኮንች መንገድ ስትሄጂ ያምሽ እንደሆነም አስተውለሽ ጨምሪበት።

የወሰድሽው ኪኒን ለምን እንዳልሠራልሽ ማወቅ ደግሞ ከባለቤትሽ ጋር ለገባችሁበት ቅያሜ መልስ ይሰጣል። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ፈሳሽ ወይም ማቃጠል ያላት ሴት ስትመጣ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ በምልክቱ ብቻ ተነሥቶ፣ ሊሆኑ ይችላሉ ተብለው ለሚገመቱ በሽታዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ መድኃኒት መስጠት የተፈቀደ አሠራር ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ይህ አሠራር ሴቶችን ከከባድ ጉዳት ስለሚያድን አልነቅፈውም። የምነቅፈው ያው መድኃኒት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሳይሠራ ሲቀር ቆም ብሎ ጥያቄውን ከመቀየር ይልቅ ያንኑ ማዘዣ መድገሙን ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈንገስ ይዞናል ብለው ከፋርማሲ በራሳቸው መድኃኒት የገዙ 95 ሴቶች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ውጤት፣ ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ናቸው። ለባክቴሪያ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞልም ለፈንገስ የሚሰጠው ክሎትሪማዞልም ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ የሚያክሙት ግን ያለ በሽታን ነው። ባለቤትሽም እንዲውጥ የታዘዘው ምናልባት አባላዘር ቢሆን በሚል ጥንቃቄ እንጂ በአንዳችሁ ላይ በሽታ ስለ ተገኘ አይደለም፤ በምርመራ ያልተረጋገጠ ነገር የማንም የመማገጥ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይህን አንቀጽ እርሱም እንዲያነበው ስጪው።

ስለ ግርዛቱ የጻፍሽው በቁም ነገር መታየት አለበት። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 62 ያህሉ ተገርዘዋል፤ ስለዚህ የሴት ብልት ሕመምን በጎጃም ስንመረምር ግርዛትን አለመጠየቅ ሥራውን በግማሽ መተው ነው። የተቆረጠው ቦታ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ሊሸበሸብና ሊደርቅ ይችላል፤ ከጠባሳው ሥር ውሃ ያዘለ የሚመስል ከረጢት ሊያድግ ይችላል፤ የተቆረጠ ነርቭም ጫፉ ላይ ተቋጥሮ ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ትንሽ እብጠት ሊያበጅ ይችላል። እነዚህ በቩልቮዲኒያ መደብ አይገቡም፤ ምክንያታቸው የሚታወቅ፣ አንዳንዶቹም በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚወገዱ ናቸው። የሕመምሽ ቦታ የት እንደሆነ መለየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ጠባሳው ያለበት የላይኛው ክፍል ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ የመግቢያው የታችኛው አፋፍ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እናትሽን በተመለከተ፣ ነገሩን ሳትሸሽግ ስለ ነገረችሽ አመስግኛት። ድርጊቱን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቅጣት የከለከለው አንቺ ከተገረዝሽ በኋላ ነው፤ ሴት ልጅ ብትወልጂ ግን ያ ሕግ ለእርሷ ይሠራል።

አሁን ወዴት ልሂድ ብትዪ፣ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ያለበት ሆስፒታል ያስፈልግሻል። ለአንቺ ቅርቡ የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ነው፤ ካልሆነም ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት አለያም ጥበበ ግዮን። ሴት ባለሙያ እንድታይሽ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ወንድ ሐኪም ከሆነም አዋላጅ ወይም ነርስ አብራ እንድትቆም ጠይቂ። ከመሄድሽ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ምንም ዓይነት ቅባትም ሆነ ወደ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት አትጠቀሚ፤ ምርመራውን ያደናግራል። እስካሁን የወሰድሽውን መድኃኒት ሁሉ፣ ስሙን የማታውቂው ከሆነ ባዶ ፓኬቱን፣ ይዘሽ ሂጂ።

ትክክለኛው ምርመራ ምን እንደሚመስል ብታውቂ አትደነግጪም፤ ከተዘለለም መዘለሉን ታውቂያለሽ። ሐኪሙ መጀመሪያ በጥሩ ብርሃን ውጫዊውን ክፍል ብቻ ያያል፤ የቆዳውን ቀለም፣ የከንፈሮቹን ቅርጽ፣ ጠባሳውን። ከዚያ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ይወስዳል። ጥጡን መጀመሪያ የሚያሳርፈው ጭንሽ ላይ ነው፤ እዚያ ምንም አይመስልሽም። ከጭንሽ ወደ ትልቁ ከንፈር፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ከንፈር እያለ ወደ መግቢያው አፋፍ ይጠጋል። አፋፉን እንደ ሰዓት ፊት ወስዶ፣ ወደ ሽንት ቀዳዳ ያለውን 12፣ ወደ ፊንጢጣ ያለውን 6 ብሎ፣ በየነጥቡ ጥጡን በቀስታ እያሳረፈ «ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ያምሻል?» እያለ ይጠይቅሻል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ጎልቶ የሚወጣው ከ4 እስከ 8 ባለው የታችኛው ግማሽ ላይ ነው፤ ጭንሽ ላይ ያልተሰማሽ ያው ጥጥ እዚህ ላይ ሲያርፍ ከአልጋው ሊያስነሣሽ ይችላል። ሐኪሙ ቁጥሮቹን በካርድሽ ላይ ይጽፋቸዋል፤ ከወራት በኋላ ተመልሰሽ ስትመረመሪ መሻሻሉ የሚለካው በእነርሱ ነው። ይህ ምርመራ ማሽን አይፈልግም፣ ዋጋውም የጥጥ ዋጋ ነው፤ ሳይደረግ የሚቀርበት ምክንያት ለእኔ ፈጽሞ አይገባኝም።

ከጥጡ በኋላ ሐኪሙ በጓንት በተሸፈነ አንድ ጣት የመግቢያውን ዙሪያ ጡንቻዎች በቀስታ ተጭኖ መወጠራቸውን ያያል። ውስጡን ለማየት መግቢያውን የሚከፍተውን ብረት (ስፔኩለም) ማስገባት የመጨረሻው ነው፤ ትንሹ መጠን መሆን አለበት፤ በጣም ካመመሽ ለሌላ ቀን ይቆይ። ከፈሳሹ ላይ ናሙና ተወስዶ የአሲድነቱ መጠን በወረቀት ይለካል፤ በስላይድ ላይም ጨው ውሃና የፖታሲየም ውሁድ ተጨምሮበት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፈንገስ ካለ እዚያ ላይ እንደ ክር ሆኖ ይታያል፤ ከሌለ ግን ስለ ፈንገስ የሚነሣው ነገር እዚህ ላይ ማብቃት አለበት።

ይህን ዓምድ ለሚያነቡ ሌሎች እኅቶችና እናቶች አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ማሳከኩ የሚብስ፣ በተለይ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ፣ ቆዳው ነጥቶና ሳስቶ እንደ ተጨማደደ ወረቀት የሚታይ፣ ትንሹ ከንፈር እየሟሸሸ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ሊከን ስክለሮሰስ የሚባል የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድል ስላለው ችላ አይባልም፤ ሕክምናውም ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ቅባት በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መቀባት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ 507 ሴቶችን በመከታተል እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ቅባቱን በታዘዘላቸው መሠረት ከተጠቀሙት መካከል ካንሰር የያዘው አንድም ሰው አልተገኘም፤ አቋርጠው ከተጠቀሙት ግን ከመቶ 5 ለሚጠጉት ተገኝቶባቸዋል። ያረጡ እናቶችና የሚያጠቡ ሴቶችም በሆርሞን ማነስ ምክንያት ድርቀትና ማቃጠል ስለሚሰማቸው ይህን ለሐኪም ይንገሩ። የማይድን ቁስል፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት ወይም ደም ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መሄድ ይገባል፤ ከቦታው ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ መመርመር አለበት።

ወደ አንቺ ልመለስ። ምርመራው ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ የአፋፍ ቩልቮዲኒያ ነው ከተባለ ምን እየሆነ እንደሆነ ላስረዳሽ። ከእንደዚህ ዓይነት ሴቶች አፋፍ ላይ የተወሰደ ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሕመም ነርቮች ከተለመደው በላይ በዝተው ተገኝተዋል። ከዚህም በላይ አንጎልና አከርካሪ ለተደጋጋሚ ሕመም ሲጋለጡ ንቃታቸው ይጨምራል፤ ሌባ ሳይመጣ ነፋስ ቅጠል ባንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጮህ ውሻ ዓይነት ይሆናሉ። ጡንቻውም ሕመሙን አስቀድሞ እየፈራ ይኮማተራል፤ መኮማተሩ መግቢያውን ያጠብበዋል፤ ያም ሕመሙን ያብሰዋል። «ጭንቀት ነው» ያለሽ ሐኪም ያየው የዚህን ዑደት ጅራት ነው። ጭንቀት አለብሽ፤ ለሦስት ዓመት በየጊዜው የሚያቃጥል ሕመም የሚጠብቃት ሴት ባትጨነቅ ነበር የሚገርመው።

ሕክምናውን በተመለከተ በአንድ ኪኒን የሚጠፋ ነገር አለመሆኑን ከወዲሁ ልንገርሽ። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች ተሞክረዋል፤ 133 ሴቶች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት ከአሚትሪፕቲሊን ወገን የሆነ ዴሲፕራሚን የተባለ ኪኒንም ሆነ ቦታውን የሚያደነዝዘው የሊዶኬይን ቅባት ፈዋሽ ነገር ከሌለበት ማስመሰያ መድኃኒት ብልጫ አላሳዩም። ጋባፔንቲን የተባለው ሌላ የነርቭ መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት እንዲሁ ሆኗል። ሐኪሞች አሚትሪፕቲሊንን በትንሽ መጠን ማታ ማታ አሁንም ያዛሉ፤ የሚረዳቸው ሴቶችም አሉ። ቢታዘዝልሽ እንቅልፍ ሊያበዛብሽ እንደሚችልና በድንገት እንደማይቆም እወቂ፤ ዋናው ተስፋሽ ግን እርሱ ላይ አይሁን።

ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ጡንቻውን የማሠልጠን ሕክምና ነው። በካናዳ 212 ሴቶች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለ10 ሳምንት የፊዚዮቴራፒ ሕክምና፣ ግማሾቹ ሌሊት ሌሊት የሊዶኬይን ቅባት ተሰጥቷቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት ፊዚዮቴራፒው በሕመሙም በግንኙነቱም በኩል በግልጽ በልጧል፤ ብልጫውም ከስድስት ወር በኋላ ጸንቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ስለቆየ በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ባለሙያ ማግኘት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ግን ለወገብና ለአጥንት ሕመምተኞች በመሆኑ ሐኪሙ «የዳሌ ወለል ጡንቻ መወጠር» ብሎ ለይቶ ቢጽፍልሽ ይሻላል።

እስከዚያው ቤትሽ ውስጥ የምትጀምሪው አለ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። አየር በአፍንጫሽ ስትስቢ እጅሽ ከሆድሽ ጋር ከፍ ይበል፤ በዚያው ቅጽበት ታች ያለውን ጡንቻ ሽንት ለመልቀቅ እንደምታደርጊው ልቀቂው። አየሩን ስታወጪ አታጥብቂው፣ ዝም ብለሽ ተዪው። ከወሊድ በኋላ የሚመከረው ጡንቻን የማጥበቅ እንቅስቃሴ ለአንቺ ተቃራኒው ነው፤ ጡንቻሽ መጥበቁን አብዝቶ ያውቅበታል። ጠዋትና ማታ ጥቂት ደቂቃ ከሠራሽ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የታጠበ፣ ጥፍሩ የተቆረጠ ጣትሽን ቫዝሊን ቀብተሽ አፋፉ ላይ አሳርፊውና ያንኑ አተነፋፈስ እየሠራሽ ቆዪ። አትግፊ። ቦታው ሲለምድ ጥቂት ወደ ውስጥ፣ ሲለምድ ደግሞ ጥቂት። ይህ የወራት ሥራ ነው።

የምትተዪያቸውም አሉ። ሳሙና፣ ዴቶል፣ ሎሚ፣ ጨው ውሃ፣ ሽቶ ያለው ሞዴስ፣ ጢስ መሞቅ ሁሉ ለዚህ ቆዳ ጠላት ናቸው። በለብታ ውሃ ውጪውን ብቻ ታጠቢ፤ ውስጡን አትታጠቢ። የውስጥ ሱሪሽ ጥጥ ይሁን፤ በኦሞ ካጠብሽው ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂው። ሽንት ሲያቃጥልሽ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰስሽ ሽኚ፤ ከዚያ በጨርቅ ሳታሺ ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂና ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢ። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ቫዝሊንም ዘይትም ላስቲኩን ስለሚያበላሹት ከግንኙነት በፊት አትቀቢ። ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚገዛ፣ ቤታሜታዞን ያለበት ድብልቅ ቅባት ቆዳውን እያሳሳ ነገሩን ስለሚያባብሰው አትንኪው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ የሚያመውን የአፋፍ ቆዳ በቀዶ ሕክምና ማንሣት አለ። በካናዳ በ78 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት ሕመምን በመቀነስ በኩል ከሌሎቹ በልጦ ታይቷል። ሆኖም የተነሣ ቆዳ አይመለስም፤ ቀድሞ ጠባሳ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ስለሚሆን ቀዶ ሕክምናው የመጨረሻው ነው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ለጊዜው የሚያምሽን ግንኙነት አቁሙ። እየታመምሽ በዝምታ መቻልሽ ለእርሱም ለትዳራችሁም አልጠቀመም፤ ነርቭሽንም ሕመም እየጠበቀ እንዲኖር አስለመደው። በጾም ወራት መታቀብን የምታውቁ ባልና ሚስት ስለሆናችሁ ይህም ጊዜ አለው ተብሎ ሊያዝ ይችላል። መተቃቀፍ፣ መሳሳም፣ ጎን ለጎን መተኛት ይቀጥል፤ መግቢያውን የማይነካ ፍቅር ሁሉ የተፈቀደ ነው። በ108 ጥንዶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሌላ የካናዳ ጥናት፣ ባልና ሚስት አብረው የምክር ሕክምና ሲወስዱ ሴቲቱ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማት ሕመም ለእርሷ አነስተኛ ሸክም መሆኑ ታይቷል። ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ። ሐኪሙ የጥጡን ምርመራ ሲያደርግ ውጭ ቢቆምም ውጤቱ ሲነገር አብሮሽ ይስማ።

አማትሽን በጠበሉ ነገር አትከራከሪያት። ጠበል መጠመቅ ከዚህ ሕክምና ጋር አይጋጭም፤ እምነትሽም ዕረፍት ከሰጠሽ ጡንቻሽ ይጠቀማል። ቀጠሮሽን ግን ለሱባኤ ብለሽ አታስተላልፊ።

«ውለጂ፣ ይተውሻል» የተባልሽው ምንም መሠረት የለውም። ከወሊድ በኋላ የቀለላቸው አሉ፤ የተቀደደው ቦታ ሌላ ሕመም የጨመረባቸውም አሉ። ልጅ ለሕመም መድኃኒት ተብሎ አይወለድም። መውለድ ትችያለሽ ወይ ለሚለው ግን መልሴ አዎን ነው፤ ይህ ሕመም ማህፀንሽንም እንቁላልሽንም አይነካም። ጽንስ የዘገየባችሁ ምናልባት ግንኙነቱ ከስንት አንዴ በመሆኑ ሊሆን ይችላል። ልጅ የምትፈልጉበት ጊዜ ሲደርስ የወር አበባሽ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ከሆነ ከ10ኛው እስከ 15ኛው ቀን ያሉትን ቀናት ለይታችሁ፣ ሐኪሙ የፈቀደልሽን የሊዶኬይን ቅባት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀደም ብለሽ ቀብተሽ፣ ከዚያ ጠርገሽ መሞከር ትችላላችሁ። ስታረግዢም በመጀመሪያው የክትትል ቀን ለአዋላጇ ሕመሙንም ግርዛቱንም ንገሪያት፤ በጣት የሚደረገው ምርመራ እንዲቀነስና በቀስታ እንዲሆን፣ በምጥም ጊዜ ጠባሳው አስቀድሞ እንዲታይ በካርድሽ ላይ እንድትጽፍልሽ አድርጊ።